የዘነቡ ባጃጅና የአውራ ጣቴ ማኅተም

ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። መጀመሪያ የግራው ደከመ፤ ዓመት ሳይሞላው የቀኙም ተከተለው። መካኒክ ዓይኑ ቢደክም መነጽር ይገዛል፣ ወገቡን ቢያመው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ ሞተር ሲያጉረመርም ካልሰማ ግን ጋራዥ ውስጥ የሚቀረው ለወሬ ብቻ ነው። ወሬ አልጠላም። ሰው አምኖ የሰጠኝን ሞተር በግምት መፍታት ግን አልወደድኩምና ባለፈው ዓመት ሸዋ ሮቢት ያለውን የጋራዤን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አልማዝ "እስቲ አሁን እንኳ እጅህ ከግራሶ ይጽዳ" አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ አጠብኩት፤ ከጥፍሬ ሥር ያለው እስካሁን አለ።

ሥራ የጀመርኩት ደጋው ላይ፣ ደብረ ሲና፣ ጋሼ ክፍሌ ከሚባሉ መካኒክ ዘንድ ነው። አጭር፣ ቁጥብ፣ ብርዱን በጋቢ ላይ ካፖርት ደርበው የሚችሉ ሰው ነበሩ። ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራውን ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ሳይጀምሩም ይታጠቡ ነበር። የፈቱትን ብሎን መሬት ላይ አይጥሉም። ነጭ ጨርቅ ዘርግተው በተፈታበት ተራ ይደረድሩታል፤ ሲገጥሙ ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ድምፅ ለመስማት የወይራ ዱላ አላቸው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ከሁሉ ከሁሉ፣ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ወዲያው የሞተሩን ክዳን አይከፍቱም ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ ይሉና "እስቲ አንተ ንገረኝ፤ የት የት ሄድክ?" ይሉታል። ሾፌሩ ከደሴ ጀምሮ ያለውን ጉዞ፣ የጫነውን፣ ያቆመበትን ሲያወራ እኔ ቁልፍ ይዤ እቁነጠነጣለሁ። አንድ ቀን አይተውኝ "ብረቱ የሚነግርህ ግማሹን ነው። ግማሹ ሰውየው ጋ ነው ያለው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ልቤ ግን ብረቱ ላይ ነበር።

መኪና ጋራዥ የሚያድር ከሆነ ማንም እንዳይነካካው የነዳጅ ፓምፑን ብሎን በክር ያስሩና ቋጠሮው ላይ ጧፍ አቅልጠው ያንጠባጥቡበታል። ሰሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ጣታቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ስለነበር ያንን ማኅተም ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። እኔም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የሞተር ቺንጊያ አውራ ጣቴን ቀደደኝና ማጭድ የመሰለ ጠባሳ ተወልኝ። ጋሼ ክፍሌ ጣቴን በጨርቅ እየጠቀለሉ "በል እንግዲህ፣ አንተም ማኅተም አገኘህ" አሉኝ። ያመኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከእሳቸው ከተለየሁ በኋላ ካራቆሬ አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ወረቀት ወዳድ ነበር። አንዲት ካንዴላ ለመቀየር ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ ፊርማው እስኪሟላ ማሽኑ ሥር ሣር ይበቅላል። ስለ ደመወዙ ባላነሳ ይሻላል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት መጣሁ፣ አገባሁ፣ ሙቀቱን ለመድኩ፤ ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ደግሞ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

ባጃጅ በመጣ ማግሥት እሽቅድምድሙም መጣ። ሾፌሮቹ አስፋልቱ ላይ፣ በከባድ መኪና መካከል ጎን ለጎን ይከንፋሉ። አንዱ እግሩን ሲሰበር የሰዓት ጠጋኙ ሰይድ ጋራዤ ድረስ መጣና "አየለ፣ እነዚህን ልጆች አትሽቀዳደሙ ብንል አይሰሙንም። ባይሆን ሥርዓት እናብጅላቸው" አለኝ። አበጀን። አስፋልቱ ሲሠራ የተተወ የድሮ ፒስታ መንገድ አለ፤ በማሾ ማሳ መካከል ወደ ቀወት ገጠሮች ይወርድና ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ዳገት ሥር ይደርሳል። እዚያ ድረስ ሄዶ መመለስ፣ አንድ በአንድ፣ ውድድሩም ከሰዓት ጋር ብቻ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። መነሻውን በኖራ እናሰምራለን፤ ሰይድ የሩጫ ሰዓቱን ይዞ ኖራው ላይ ይቀመጣል። እኔ ባጃጆቹን እመረምራለሁ። ሽልማቱ ሦስት አዲስ ጎማ ነበር፤ ለባጃጅ ሾፌር ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እንደ ሠርግ አለፈ። በሁለተኛው አንድ የብዙ ባጃጆች ባለቤት ሞተሩን አዲስ አበባ ልኮ አሠርቶ መጣና ሁሉንም አስከነዳ። ቤንዚን የምታልፍበትን ቀዳዳ አስፍቷል፣ የጭስ ማውጫውን ቀይሯል፣ ክብደት ለመቀነስ የተሳፋሪ ወንበሩን አውልቋል። ለዚያ ያወጣው ገንዘብ ሌላ ባጃጅ ይገዛ ነበር። በሳምንቱ አንድ ሾፌር መጥቶ ጥጃውን ሸጦ እንደዚያ ሊያሠራ እንዳሰበ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ሰይድም "ይሄማ የኪስ እሽቅድምድም ሆነ ወላሂ" አለ።

ስለዚህ ሕግ ጻፍኩ። ቅዳሜ ሰው ያመላለሰ ባጃጅ፣ እሑድ እንዳለ ይሮጣል፤ ወንበሩም፣ የጭስ ማውጫውም፣ ቀዳዳዋም እንደነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ጋራዤ ይሰለፋሉ፤ አያለሁ፣ እለካለሁ፣ ከዚያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡሬተር በክር አስሬ በጧፍና በአውራ ጣቴ አትማለሁ። ከሩጫው በኋላ ማኅተሙ እንዳለ ካልተገኘ ሰውየው ይሰረዛል። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ትንሽ ራቅ ስለሚል፣ ሩጫውም ፀሐይ ሳትበረታ ስለሚያልቅ፣ ሰሙ ለብዙ ዓመት አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ጥጃውን ሊሸጥ የነበረው ሰው ሦስተኛ ወጣ፤ ጥጃውም ላም ሆነች። እኔም በሕጌ ኮራሁ።

ዘነቡ በእነዚያ ዓመታት ነው የመጣችው። የቀወት ገበሬ ልጅ ናት፤ ከተማ ገብታ ምግብ ቤት ተቀጥራ፣ ባጠራቀመችው ብር አሮጌ ባጃጅ ገዛች። ጠዋት ጠዋት የአምስት ቤት ልጆች በወር ኮንትራት ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ኑሮዋ የቆመው በእነሱ ነበር። አነዳዷን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሌላው ኩርባ ላይ ደርሶ ፍሬን ይረግጣል፤ እሷ ቀደም ብላ ነዳጁን ትቀንስና ባጃጁ በራሱ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲገባ ታደርገዋለች። በዚያ መንገድ ዳር ስላደገች ድንጋዩን ሁሉ ታውቀዋለች።

አሁን ወደማልወደው ቀን ደረስኩ።

በዚያ እሑድ ስምንት ባጃጆች ነበሩ። አምስቱ ሮጠው ሦስት ሲቀሩ ከቀወት በኩል የለቅሶ ድምፅ መጣ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አርፈው፣ አስከሬናቸው በእኛው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ነው። አስከሬን ሲያልፍ ማን ይቀመጣል? ሰይድ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ፣ ሁላችንም ተነስተን ተከተልን። ከቀሩት ሦስት ሾፌሮች ሁለቱ ባጃጃቸውን ማንጎ ጥላ ሥር አቁመው በእግራቸው መጡ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ቃሬዛውን ልሸከም ወደ ፊት ሄድኩ፤ ከኋላ የሆነውን አላየሁም። ቀብሩ አልቆ ኖራችን ላይ ስንመለስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሁለቱ ሮጡ፤ የመጨረሻው ተራ የዘነቡ ሆነ። ስትመለስ ሰይድ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ከአንደኛው በአራት ሴኮንድ ቀድማለች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ማኅተሙን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ክሩ ተንጠልጥሏል። የጣቴ ማጭድ የለችም፤ ቢጫ እድፍ ብቻ ቀርቷል።

ቀና ስል ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። "ምነው ጋሼ አየለ?"

"ክሩ ተነክቷል።"

"እናቴ ትሙት እጄ አልነካውም! ካላመኑኝ ባጃጁን ለማንም ይስጡትና ይንዳው። ባጃጁ በራሱ የሚሮጥ መሆን አለመሆኑ ይታይ የለም እንዴ?"

ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፣ "ምናለ ረጋ ብለህ ብትጠይቃት?" አለኝ። አልሰማሁትም። ካርቡሬተሩን ፈትቼ ቀዳዳዋን ብለካት ልክ እንደነበረች አገኛት ነበር፤ እሱንም አላደረግኩም። በሕጋችን ማኅተሙ ከጠፋ ሌላ ማየት አያስፈልግም፤ ሕጉን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የድምፅ ማጉያውን ተቀብዬ ኖራው ላይ ቆምኩና "እዚህ የምንወዳደረው በሐቅ ነው! ክር የሚበጥስ ሰው ከዚህ መስመር ይውጣ!" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ዘነቡ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ባጃጇን አስነስታ ቀስ ብላ፣ እንደዚያ ቀስ ብላ ስትነዳ አይቻት አላውቅም፣ ወደ ከተማ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ "ክር በጣሿ" ተባለች። የአምስቱ ቤት ወላጆች ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ለሌላ ሾፌር ሰጡ፤ ለውድድር ያልታመነች ለልጅ እንዴት ትታመናለች ብለው። ዘይት ለመቀየር ጋራዤ መምጣቷን ተወች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን እንደ ዱሮው አንገቷን ሰበር አድርጋ "እንደምን ዋሉ" ትለኝ ነበር። እንደምን እንደምውል አላውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ክፍሌ ብርዱ ጉልበታቸው ላይ ስለጠናባቸው ቆላ ሊሞቁ እኛ ዘንድ መጡ። በጣም አርጅተዋል፤ እጃቸው ግን እንደ ጥንቱ ንጹሕ ነው። ምሳ እየበላን ደስ ላሰኛቸው ብዬ "ማኅተምዎ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው" አልኩና የዘነቡን ነገር እንደ ጀብድ አወራሁላቸው።

ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት። "ጠየቅካት?"

"ምኗን?"

"የት የት እንደሄደች።"

አልማዝ ውሃ ይዛ እየገባች ነበርና ሰማች። "ቀብር የወጣን ቀን ነው የምታወሩት? እኔንና የሰፈሩን አሮጊቶች ያንን ዳገት ያወጣችን ዘነቡ አይደለችም እንዴ! ሦስት ጊዜ ነው ጢም አድርጋ ጭና የተመላለሰችው። ሳንቲም አልተቀበለችንም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ?"

ጋሼ ክፍሌ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። "ጧፍ አምጣ" አሉኝ። ግቢዬ ውስጥ የቆመ ባጃጅ ነበረኝ፤ ካርቡሬተሩን አሰርኩት፣ ጧፉን አንጠባጠብኩ፣ በጣቴ ተጫንኩት። ከዚያ እሳቸውና አልማዝ ተሳፈሩ። በቀትር፣ ያንኑ ዳገት ሦስት ጊዜ አወጣኋቸውና ፀሐይ ላይ አቆምኩ። ጋሼ ክፍሌ በርጩማቸውን ጥላው ጫፍ ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ሞተር ሲሄድ ነፋስ ያበርደዋል፤ ሙቀቱ ወደ ጎን፣ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ሲቆም ነው፤ ይህንን እንኳን እኔ ጀማሪም ያውቀዋል። ሰሙ መጀመሪያ አብለጨለጨ። ቀጥሎ አላበው። ማጭዷ ከጫፏ ጀምራ ሟሸሸች፣ ጠብ አለች፣ ክሩም ተፈትቶ ተንጠለጠለ።

ጋሼ ክፍሌ ዓይናቸውን ከክሩ ላይ ሳያነሱ "እኔ የነበርኩት ደብረ ሲና ነው፤ አንተ ያለኸው ሸዋ ሮቢት ነው" አሉኝ። አለቀስኩ። በእኔ ዕድሜ፣ በባለቤቴ ፊት፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ያቺ ሴት አሮጊቶች በሐሩር ዳገት እንዳይወጡ ብላ ደከመች፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ድካሟ ሌባ አልኳት።

አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብዬ። "ስታዋርዳት ሽማግሌ ይዘህ ነበር?" አሉኝ። ብቻዬን ሄድኩ።

ዘነቡ ደጃፏ ላይ ባጃጇን እያጠበች ነበር። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ በርጩማ አወጣችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአልማዝን፣ የሰሙን፣ ያለመጠየቄን። ጎማዎቹን ከኪሴ እንደምገዛላትም ጨመርኩ። ቀና ብላ ሳታየኝ የባጃጇን መስተዋት ስትወለውል ቆየች።

"ጎማ ከሱቅ ይገዛል ጋሼ" አለችኝ በመጨረሻ። "እርስዎ የተናገሩት ኖራው ላይ ቆመው ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ። እዚያው ቆመው ይመልሱልኝ።"

"እመልሳለሁ። ግን ለውድድሩ ገና ዘጠኝ ወር አለ።"

"እኔ ዘጠኝ ወር ቆጥሬያለሁ እንዴ? የእርስዎን ቃል ነው የምጠብቀው።"

ዘጠኝ ወር ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ የአምስቱን ቤት በር አንኳኳሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለእያንዳንዱ ወላጅ ነገርኩ። ሦስቱ በማግሥቱ ልጆቻቸውን መለሱላት፤ አንደኛዋ እናት እንደውም ቤቷ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃታለች። ሁለቱ "እስቲ እናያለን" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔ በድምፅ ማጉያ የተናገርኩትን በር ለበር ላጥፋ ስል እንዴት ይመኑኝ?

ጋሼ ክፍሌ በክረምቱ አረፉ። የወይራ ዱላቸውን ልጃቸው አመጣልኝ። ኖራው ላይ ስቆም አለማየታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀኑ ደረሰ። ዱላቸውን ይዤ ኖራው ላይ ቆምኩ፤ ሰይድ የድምፅ ማጉያውን አቀበለኝ። ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። "ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ ዘነቡን ክር በጠሰች አልኩ። አልበጠሰችም። የእኔ ሰም ነው የቀለጠው። እናቶቻችንን ዳገት ስታወጣ ነው የቀለጠው። ሳልጠይቅ ፈረድኩባት። አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች። ይቅር በይኝ" አልኩ። የማሾው ማሳ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ይሰማ ነበር። አንዲት አሮጊት ብቻ ከኋላ "እሰይ!" አለች። ዘነቡ ከተርታው ወጥታ መጣች፣ ትከሻዬን ስማኝ፣ ከዚያ "በሉ እንግዲህ፣ ባጃጄን ይዩልኝ" አለችኝ። ከዓመት በኋላ ሞተሯን እንድነካው ፈቀደችልኝ። ከመንካቴ በፊት እጄን ታጠብኩ።

በዚያ ቀን አራተኛ ወጣች። እናያለን ያሉት ሁለቱ ወላጆች ግን ሰኞ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው ደጇ ላይ ቆመው ተገኙ።

ጧፉንም ተውነው። በምትኩ ዘነቡ ራሷ በተሰረዘችበት ቀን የጮኸችውን ሕግ አደረግነው። አንደኛ የወጣው ባጃጅ መጨረሻ ለወጣው ሾፌር ለአንድ ዙር ይሰጣል፤ እሱም ይሮጥበታል። ሰውየው በዚያም ያው የመጨረሻው ሰው ከሆነ፣ ያሸነፈው አነዳድ ነው ማለት ነው። ድንገት ክንፍ ካወጣ ግን፣ ያኔ ባለቤቱን ጠይቀን፣ እሱ እያየ ሞተሩን እንከፍታለን። ከዚያ ወዲህ ለሞተር ብሎ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው አላየንም፤ ያወጣው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ይጋለጥበታላ። የመጨረሻ የሚወጣውም ከፍቶት ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አንድ ጊዜ አንደኛውን ባጃጅ ነድቶ ይስቃል።

ጆሮዬ ሲደክም የመርማሪነቱን ሥራ ለማን እንደምሰጥ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ዱላውን ለዘነቡ ሰጠኋት። ዘንድሮ ከአልማዝ ጋር ማንጎው ሥር እንደ እንግዳ ተቀምጬ አየሁ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባጃጅ መጥቶ ነበር፤ ካንዴላ የለው፣ ካርቡሬተር የለው፣ ድምፅ የለው። ሮጦ ሲመለስ ሰይድ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ፤ ሁሉንም ቀድሟል። ከዚያ ሕዝቡ ተነሳ። እኔ የምሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው፤ የእጃቸውን ውርወራ ሳይ ግን "ይሰረዝ!" እያሉ መሆኑ ገባኝ። ሾፌሩ ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

ዘነቡ በዝግታ ሄደች። ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ባጃጁን አልነካችውም። ድንጋይ ፈልጋ ቁጭ አለችና ወደ ሾፌሩ ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ሰውየው መጀመሪያ በመንተባተብ፣ ቀጥሎ በእጁ መንገዱን እያሳየ ያወራላት ጀመር። እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች። ጩኸቱም እየበረደ ሄደ።

አልማዝ ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠግታ "ከዚህ ሆነህ ምን ሰማህና ነው የምታለቅሰው? ምን አለችው?" ብላ ጮኸችብኝ።

"ጠየቀችው" አልኳት።